ሦስት ደቂቃ በጣርማ በር ኬላ

ሐምሌ 17 ቀን 2084 ዓ.ም. ጠዋት መንገዱ አትሄጂም አለኝ። ሐምሌ 18ም አትሄጂም አለኝ። ምክንያት ሰጥቶ አያውቅም። ስልኬ ላይ የሚመጣው ስሜና ቁጥሬ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ «ዛሬ ይቆዩ» ይላል። አሥራ ሰባት ላይ ሃምሳ ስምንት ነበርኩ። አሥራ ስምንት ላይ አርባ ሦስት። ከአርባ በላይ የሆነ ሰው የደብረ ብርሃን መናኸሪያን በር አያልፍም።

ቁጥሩ እኔ ያለሁበት መኪና በዚያ ቀን፣ በዚያ መንገድ ላይ አደጋ የሚገጥመው ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ነው። መንገዱ ዝናቡን ያያል፣ ጉሙን ያያል፣ አስፋልቱ ውስጥ የቀበሯቸው ሴንሰሮች የሚሉትን ይሰማል። ከዚያ ዞሮ እኔን ያያል። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ደሜ ከፍ ብሎ እንደሆነ፣ ከሰው ተጣልቼ እንደሆነ። እኔ መኪና አልነዳም፤ ግን ተሳፋሪም ሹፌር ያውካል ይላሉ።

በሰፈራችን ሰላምታው ራሱ ተቀይሯል። «እንዴት አደርሽ» የሚል የለም፣ «ዛሬ ስንት ነሽ?» ነው የሚባለው። ነገ መንገድ ያለው ሰው ዛሬ ከባለቤቱ ጋር አይጨቃጨቅም፤ ጭቅጭቁን ለሚመለስበት ቀን ያቆየዋል። ለቀሶ የሚሄድ ሰው ጥቁር ልብሱን በከረጢት ይዞ፣ ቀይ ወይ ቢጫ ለብሶ ነው የሚሳፈረው። ያዘነ ሰው የጫነ መኪና ዘጠኝ ይጨመርበታል። እንባ ከታየ አሥራ አራት። ስለዚህ ሰዉ ሬሳው ያለበት ቤት እስኪደርስ ድረስ ፈገግ ብሎ ይሄዳል።

መንገዱን አልጠላውም፤ ይህን መጀመሪያ ልናገር። ባለቤቴ ታምራት የሞተው በ2053 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ጉም ውስጥ፣ ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርድ ነው። ቦታው አፋፉ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለው ኩርባ ነው። ልጃችን ያፌት ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዛሬ ያፌት መንገዱን ከሚከታተሉት ሰዎች አንዱ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሴንሰሮቹ የሚልኩትን ያነባል። ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠ ጠይቄው አላውቅም፣ አውቀዋለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ሰው ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ግን እኔ ሐምሌ 20 ጠዋት ሸዋ ሮቢት መገኘት ነበረብኝ።

ጓደኛዬ ኤፍራታ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና እጄን ይዛ «ልጄ ሐሴት ከወለደች ክርስትና የምታነሺላት አንቺ ነሽ፣ ሌላ ሰው እንዳይሆን» አለችኝ። እሺ አልኳት። የምትወደውን ነጠላዋን ሰጠችኝ። ሐሴት ሸዋ ሮቢት አግብታ ሴት ልጅ ወለደች፣ ግንቦት ልደታ ዕለት። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት፤ የሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሐምሌ 20 ላይ ዋለ። የኤፍራታን ነጠላ ቆርጬ ለሕፃኗ ነጭ ቀሚስ ሰፋሁላት። እኔ ካልደረስኩ ቄሱ ከቅጥሩ ውስጥ ያገኟትን ሴት ጠርተው ያሳቅፏታል። ስሟን እንኳ የማናውቃትን። ያቺ ሴት ለዚያች ልጅ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የክርስትና እናት ትሆናለች፣ እኔ ደግሞ ቀሚስ ይዤ የቀረሁ ሴት።

አሥራ ስምንት ላይ ያፌት ጋ ደወልኩ።

«አርባ ሦስት ነሽ ይለኛል። እስቲ ሦስቷን ቀንስልኝ።»

«እማዬ፣ ሽንኩርት አይደለም እኮ የምትከራከሪው።»

«የምትሠራበት ቤት አይደለም እንዴ?»

«እኔ አነበዋለሁ እንጂ አላዘውም። ማንም አያዘውም።»

«ታዲያ ማን ነው የሚወስነው?»

«ዳታው ነዋ።»

«ዳታው ክርስትና ተነሥቶ ያውቃል?»

ሳቀብኝ። «ዛሬ በጊዜ ተኚ። ደግሞ አትናደጂ፣ ንዴት አራት ይጨምራል» አለኝ። አትናደጂ ማለቱ ራሱ አናደደኝ።

ሐምሌ 19 ጠዋት ሠላሳ ስድስት ሆንኩ። ውዳሴ ማርያም የደገምኩ ቀን ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ይቀንስልኛል። ስልኩ ግን ጸሎት አይለውም፣ «ጥሩ አተነፋፈስ» ነው የሚለው። ተውኩት። ከስልክ ጋር ምን ያከራክረኛል?

መናኸሪያው ሃያ አራት ሰው የሚጭን አውቶቡስ ላይ መደበኝ። ሹፌሩ ሮቤል ይባላል፣ ጺሙ ሸበት ያለ፣ ቀልደኛ ሰው። ስቀመጥ ወንበሩ ትንፋሼን ለካ። አጠገቤ ብርቱካንማ ቀሚስ የለበሰች ሴት አለች። እግሯ ሥር ያለው ከረጢት በደንብ አልተዘጋም፣ ጥቁር ጨርቅ ይታያል። ማን ሞቶብሽ ነው አይባልም።

«ቀሚስሽ ያምራል» አልኳት።

«አመሰግናለሁ እማማ» አለችኝና ፈገግ አለች። ከረጢቱን በእግሯ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋችው።

ሁላችንም ከገባን በኋላ ከጣሪያው ላይ ድምፅ መጣ። «የጋራ ቁጥራችሁ ሠላሳ ሦስት ነው። መልካም ጉዞ።» ሮቤል በመስታወት እያየን «ጎሽ፣ እስክንደርስ እንደዚሁ ጥርሳችሁን አሳዩልኝ» አለ።

ሃምሳ ኪሎ ሜትር በሰላም ሄደን ጣርማ በር ኬላ ላይ ቆምን።

ከፊታችን የቆመው የመኪና ሰልፍ ማለቂያ የለውም። ከኬላው በላይ ያለው ትልቅ ሰሌዳ «ከዚህ 7ኛው ኪሎ ሜትር። 81። ይጠብቁ» ይላል። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። በሐምሌ እንዲህ ያለ ሰማይ አይቼ አላውቅም፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ከገደሉ ማዶ ቆላው እስከ ታች ድረስ ይታያል። አስፋልቱ ደርቋል። ንፋስ እንኳ የለም።

አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰች ልጅ በሰልፉ መሐል ትመላለሳለች፤ ደረቷ ላይ ሔመን የሚል ተጽፏል።

«ልጄ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«እናት፣ መንገዱ ሰማንያ አንድ ብሏል።»

«ሰማዩን እስቲ እይው።»

«እኔ ሰማይ አላነብም፣ ሰሌዳ ነው የማነበው።»

«መቼ ይከፈታል?»

«በየአርባ ደቂቃው አሥር አሥር መኪና ለሙከራ እንልካለን። አሥሩ ሳይደናገጡ ካለፉ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሁሉም ይለቀቃል። ጠዋት ሁለት ጊዜ ልከን ነበር። ሰባ አራት የነበረው ሰማንያ አንድ ሆነ።»

«ካልወረደስ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጉም ይነሣል። ያኔ እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ይዘጋል።»

ክርስትናው ከቅዳሴ በፊት ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ማለት ለእኔ አበቃ ማለት ነው። ጊዜው አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ከረጢቴን ደረቴ ላይ አቅፌ በሰልፉ ዳር ወዲያ ወዲህ አልኩ። ስልኬ ይንጫጫል፦ «ቁጥርዎ እየጨመረ ነው። ይረጋጉ።» አጠፋሁት።

ከአውቶቡሳችን ኋላ ድንች የጫነ መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ጎማው ላይ ተደግፎ ብርቱካን ይልጣል። ኡስማን እባላለሁ፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ አለኝ።

«እትዬ፣ አይድከሙ፣ ይቀመጡ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ አይከፈትም።»

«አሥራ ዘጠኝ ቢሆንስ?»

«በየወሩ አሥራ ዘጠኝ ላይ ይዘጋል። የሐምሌው ደግሞ ይብሳል። እኔ በዚህ ቀን ጭነት አልይዝም፣ ዛሬ ድንቹ ሊበላሽብኝ ሆኖ ነው።»

«ዝናብ የለ፣ ጉም የለ፣ ምን አለና ነው የሚዘጋው?»

«እናንተ አላችሁ እንጂ።»

«እኛ ማን?»

«አይቆጡኝ እንጂ እነግርዎታለሁ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምንድነው ያለው?»

አሰብኩት። አፋፉ ገብርኤል ነው ያለው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነዳሁበት» አለ ኡስማን፣ ግማሹን ብርቱካን እየሰጠኝ። «እዚያች ቤተ ክርስቲያን ፊት ስንደርስ ከፊቴ ያለው ሹፌር ቀስ ይላል። ኮፍያውን ያወልቃል፣ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያማትባል፣ ጎንበስ ይላል። እኔ ከኋላው ፍሬን እይዛለሁ። ከእኔ ኋላ ያለውም ይይዛል። በሌላ ቀን አንድ ሁለት ሰው ነው። በገብርኤል ግን ሁሉም ነው። አስፋልቱ ምን ያውቃል? ሰው ሁሉ እዚያች ቦታ ሲደርስ አንድ ነገር የሚያስደነግጠው ነው የሚመስለው።»

ብርቱካኑን እንደያዝኩት ቀረሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሹፌሩን «ቀስ በልልኝ ልጄ» የምለው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ጎንበስ እላለሁ። አንዷ የገብርኤል ናት፣ አንዷ የታምራት። ወጣቶቹም ሽማግሌዎቹም ቀስ ይሉልኛል፣ እነሱም ይሳለማሉ። መንገዱ ደግሞ ሥር ተቀምጦ ይጽፍብናል። ሰማንያ አንዱን የሠራነው እኛው ነን።

ስልኬን አብርቼ ያፌት ጋ ደወልኩ።

«ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«እሱን ብናውቀውማ! ሦስት ዓመት ፈለግነው እኮ እማዬ። አስፋልቱ ደኅና ነው፣ ውሃ አይቋጥርም። በወር አንድ ቀን ብድግ ብሎ ያብዳል። ቀኑ ደግሞ አይያዝም፤ አንዴ ሃያ አምስት፣ አንዴ ሃያ ሰባት፣ አንዴ ሃያ ዘጠኝ ላይ ነው።»

ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ያፌትም ከማሽኑ ጋር ሲውል በፈረንጅ መቁጠር ለምዷል። በአገሩ ቢቆጥረው ኖሮ ሁሉም አሥራ ዘጠኝ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ እጁን ይዤ ገብርኤል የወሰድኩት ልጅ ነው እኮ! ምላሴ ላይ መጣ። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቀው አልኩ።

«ምክንያቱን ብታገኙት ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንደ ፏፏቴው ነዋ። ከደብረ ሲና በታች ሰው ፏፏቴ ሊያይ ቀስ ይል አልነበር? ግንብ አጠርንበት፣ አምስት ሜትር። ቁጥሩ በሳምንቱ ወረደ።»

«ፏፏቴውስ?»

«አለ፣ ከግንቡ ጀርባ።»

አፋፉ ገብርኤል ከግንብ ጀርባ ታየኝ። ጉልላቱ እንኳ አይታይም። ኩርባውም አይታይም።

«እማዬ? ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ ነው። ንዴቴ እንዲወጣልኝ።»

«ተረጋጊ፣ እሺ? መንገዱ ላንቺው ነው የሚያስበው።»

ዘጋሁት። በዚህ ዕድሜዬ አስፋልት ያስብልኝ?

ቀጣዮቹን አሥር መኪኖች ሔመን ቀድማ ቁጥር ለጥፋባቸው ነበር። የእኛ አውቶቡስ ሰባተኛ ነው፣ ኡስማን ስምንተኛ። መጀመሪያ ሮቤልን ያዝኩት።

«እማማ፣ እኔ ገብርኤልን ሳልሳለም አልፌ አላውቅም» አለኝ። «እጄ ራሱ ነው የሚነሣው፣ አልጠይቀውም።»

«እጅህን እዚህ አንሣው። አሁን ውረድና ወደ ምሥራቅ ዞረህ ተሳለም። እዚያ ስትደርስ መሪህን ያዝ።»

«ቅዱስ ገብርኤል ቢቀየመኝስ?»

«ከኋላህ ያለው መኪና ቢገጭህ ነው የሚቀየምህ። ከሃያ አራት ሰው ጋር!»

ሳቀና ወረደ። ተሳፋሪዎቹም ወረዱ። አንድ በአንድ ከመኪና ወደ መኪና ሄድኩ። አንዱ እሺ አለ፣ አንዷ «እርስዎ ከመንገዱ ነው የመጡት?» ብላ መስታወቷን ልትዘጋብኝ ነበር። ከረጢቴን ከፍቼ የሕፃኗን ቀሚስ አሳየኋት። ወረደች።

ሦስተኛው መኪና ውስጥ ያሉት ሽማግሌ ግን አልወርድም አሉ። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሐል ይዘዋል፤ ልጃቸው ነው የሚነዳው።

«በበዓሉ ቀን፣ በደጁ ስናልፍ እንደማያውቀን ሰው ፊታችንን አዙረን? ማሽን ፈርተን ገብርኤልን ልንክደው ነው?» አሉኝ።

ልጃቸው በመስታወት አየኝ፣ «ይገላግሉኝ» በሚል ዓይን።

«አባቴ፣ ሴት ወደ ቅጥር የማትገባበት ቀን በየወሩ አላት» አልኳቸው። «ያን ጊዜ ከውጭ ቆመን ነው የምንሳለመው። የራቀባት ደግሞ ከቤቷ ደጅ ላይ ሆና ትሳለማለች። እናትዎም እንደዚያ ነው የተሳለሙት። ገብርኤል አልሰማቸውም ይላሉ?»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉኝ።

ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው። «የብሩክ» አልኳቸው።

«ብሩክ ደፋር ልጅ ነው የወለደ» አሉና እጃቸውን ሰጡኝ፣ ደግፌ አወረድኳቸው።

ሔመን እየሮጠች መጣች። «ኧረ እናንተ! ከመኪና መውረድ ክልክል ነው!»

«እግራችንን እያፍታታን ነው ልጄ።»

«ሁላችሁም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞራችሁ?»

«እንደዚህ ነው የሚፍታታው።»

አየችን። ወደ ካሜራው አየች። ከዚያ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ፣ ጣቶቿን ሰደርያዋ ላይ አድርጋ ትንሽ አማተበችና «ሦስት ደቂቃ ብቻ» ብላ ሄደች።

በገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ተሳለምን። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ አይታይም፣ ከተራራው ጀርባ ነው። ሽማግሌው አቡነ ዘበሰማያት አስጀመሩ። ብርቱካንማ የለበሰችዋ ሴት ከረጢቷን ታቅፋ መሬት ላይ ተንበርክካ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ወንድሟ ነበር የሞተባት። «አልቅሺ፣ እዚህ አይቆጥርም» አልኳት። ኡስማን ጎማው ላይ ተደግፎ ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቀን።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ ለቀቁን።

ሰባት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ሲል ከሩቅ የከበሮው ድምፅ መጣ። ኩርባውን ስንይዝ ታየን፦ ጃንጥላዎቹ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ ታቦቱ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሞ። የዓመቱ በዓል ነው፣ ሌላ ቀን ብናገኘው ኖሮ ወርደን በሰገድን። ሮቤል መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ብቻ ያያል፤ ጉንጩ ላይ ጅማቱ ይታያል። እኔ እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀምጬባቸዋለሁ። ቀኝ እጄ ከሥሬ እንደ ዶሮ ይፈራገጣል። ከዚያ ታምራት የወደቀበት ቦታ መጣ፣ ሄደም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀስ ብዬ ያለፍኩትን ቦታ በዓይን ጥቅሻ አለፍኩት። አውቶቡሱ አልተንገጫገጨም። ፍሬን አልተያዘም።

«ስለ ረጋ ጉዞዎ እናመሰግናለን» አለ ጣሪያው።

ከመንገዱ ዳር ያለው ሰሌዳ ሰማንያ አንዱን አጠፋ። ስድሳ ሆነ። አርባ አራት ሆነ። ደብረ ሲና ስንደርስ ሃያ ሁለት ነበር፤ የቀረውም ሰልፍ ሁሉ ተለቀቀ አሉ። በአውቶቡሱ ውስጥ ግን ደስ ያለው ሰው አልነበረም። የሆነ ነገር ሰርቀን የወጣን ነው የምንመስለው።

ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ኡስማን ከኋላ ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። «እትዬ! በሃያ ሁለት ዓመት ዛሬ ገና ነው እዚያች ቦታ ፍሬን ያልያዝኩት!»

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ሕፃኗን አቅፌ ሰይጣንን ስለ እሷ ካድኩ፣ ሃይማኖቷን ስለ እሷ ተናገርኩ። ቄሱ ስመ ክርስትናዋን ወለተ ገብርኤል አሏት። እኔ አልነገርኳቸውም። ከውሃው ስትወጣ የኤፍራታን ነጠላ አለበስኳት፤ ልክ ሆነላት። ሐሴት «እማዬ ያለች ነው የመሰለኝ» ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፣ የሚቆጥር አልነበረም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ነሐሴ 4 ቀን ያፌት ደወለ። ሥራ ላይ እያለ አይደውልም።

«እማዬ፣ ሐምሌ 19 ጣርማ በር ኬላ ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«አሥር መኪና ሙሉ ሰው አውርደሽ ነበር?»

«ካሜራው ካሳየህ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«በታሪኩ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። በአንዴ ሃምሳ ዘጠኝ ቀነሰ! አለቆቼ አብደዋል። ምክንያት የሚል ቦታ አለ፣ ባዶ ነው፣ መሙላት አለብኝ። ምን እያደረጋችሁ ነበር?»

ግንቡ እንደገና ታየኝ።

«እግራችንን እያፍታታን ነበር።»

«እማዬ። አንቺ እግርሽን ስታፍታቺ ታማትቢያለሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ» ሲል ሰማሁት፣ ለራሱ። ልጅ ሆኖ ያ ኩርባ ላይ ስንደርስ እሱም ከእኔ ጋር ጎንበስ ይል ነበር፣ ሁለት ጊዜ። አሥራ ዘጠኝን አሁን ቆጥሮ እንደደረሰበት አወቅሁ።

«እግር ማፍታታት» አለ ቀስ ብሎ፣ እየጻፈ። «እሺ። ገብቷል።»

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ውሸት ነው» አሉኝ። «ነው» አልኳቸው። መቶ ስግደት ሰጡኝ፣ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደግሞ ሠላሳውን ማሩኝ። እኔም ሰግጄ ጨረስኩ ብዬ አረፍኩ።

መስከረም ሲጠባ በሁላችንም ስልክ ላይ መልእክት መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ጣርማ በር ኬላ ላይ ሁሉም ተጓዥ ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሦስት ደቂቃ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ጎንበስ ይላል። ቀኝ እጅ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻ ቢንቀሳቀስ ይመረጣል። ይህ እንቅስቃሴ አደጋን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።» በአሥራ ዘጠኝ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በየቀኑ ነው፣ ለሁሉም ሰው ነው፣ በሌሎቹም ኬላዎች ሊጀመር ነው።

ጥቅምት 8 ቀን ወለተ ገብርኤልን ልጠይቅ ስሄድ ኬላው ላይ ወረድኩ። ሦስት መቶ ያህል ሰው በመስመር ቆሟል። መሬቱ ላይ የእግር ቅርጽ ቀለም ቀብተውበታል። ማንም ማንንም አያይም፤ ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዱ ማስቲካ እያኘከ ያማትባል። ሔመን በመስመሩ መሐል እየሄደች «ግንባር፣ ደረት፣ ትከሻ» ትላለች፤ ስታየኝ ዓይኗን ሰበረች።

ኡስማን ከአጠገቤ ነበር።

«እትዬ! ምን ውስጥ ነው የከተቱኝ?»

«ፍሬን ከመያዝ አይሻልም?»

«ኧረ ፍሬኑ በስንት ጣዕሙ! እኔ ዞር ብዬ በቂብላዬ ልጎንበስ ብል አቅጣጫ ተሳስቷል እያለ ይጮህብኛል። ትናንት አራት ጊዜ ነው ያስደገመኝ። ድንቹ በቀለ!»

ልስቅ ብዬ አልሆነልኝም። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ከተራራው ጀርባ ገብርኤል አለ፣ ኩርባውም አለ። አንድ ጊዜ ጎንበስ አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ቀስ ብዬ፣ በልቤ ስም ጠርቼ ጎንበስ አልኩ። ሦስተኛዋን ለመንገዱ ብዬ ፈጸምኩ።

«ናርዶስ ብሩክ» አለኝ ድምፁ፣ ከነስሜ። «ሁለተኛው አልተመዘገበም። እባክዎ ይድገሙ።»

ሁለተኛዋ የታምራት ነበረች።

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ እየጠበቀኝ ነው። ደገምኳት።

«ተመዝግቧል» አለ።